ኒውትሮን የበዛበት ከባድ ኒውክሊየስ እንዴት ይመረታል? ከደሴ፣ በደብተርና በካልኩሌተር

ደሴ ላይ ከባድ አዮን የሚወነጭፍ አክስለሬተር የለም። ኮምቦልቻም የለም፣ አዲስ አበባም የለም። ግን የዚህ ሥራ ትልቁ ድርሻ የሚያልቀው ማሽኑ ሳይነሳ ነው። የቱ በየቱ ላይ ይተኮስ? በምን ያህል ጉልበት? የምንፈልገው ነገር በየት በኩል ይወጣል? ስንት ይገኛል? ይህን ለመመለስ ባለካሬ ደብተርና ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ይበቃል። እኔ ደሴ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሚመጡ ተማሪዎቼ ጋር የምንሠራውን ነው እዚህ የማሰፍረው።

አንድ አቋም አለኝ፣ ቀድሜ ልናገረው። ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ማምረቱ ነው። ማምረቱስ ይቻላል። ጣጣው መያዙ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ስሌት ስትሠሩ "ይሄ ነገር ከወጣ በኋላ በምን እይዘዋለሁ?" እያላችሁ ሥሩ።

ምን ፈልገን ነው?

ርዕሱን ሲሰሙ ተማሪዎቼ ቀድመው የሚጠይቁኝ "ቲቸር፣ ወርቅ ልንሠራ ነው እንዴ?" ብለው ነው። ይሳቃል። ግን ጥያቄው ያን ያህል የራቀ አይደለም። ወርቅ ቤት መስኮት ውስጥ የሚታየው ቀለበት ሁሉ ወርቅ-197 ነው። 79 ፕሮቶን፣ 118 ኒውትሮን። ምድር ላይ አልተሠራም። እንዲህ ያለው ከባድ ነገር የሚሠራው ኒውትሮን እጅግ በተትረፈረፈበት ቦታ ነው። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ አንዱ እንዲህ ያለ ቦታ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ላይ የዚህ ዓይነት ግጭት በስበት ሞገድም በብርሃንም ታይቷል።

እዚያ ኒውክሊየሶች ኒውትሮን በላይ በላዩ ይውጣሉ። 126 ኒውትሮን ላይ ሲደርሱ ግን ፍጥነታቸው ይገታል። 126 የተዘጋ ሼል (ሞልቶ ያበቃ ደረጃ) ስለሆነ ቀጣዩን ኒውትሮን አጥብቆ መያዝ አይችልም። እዚያ ይከማቹና በቤታ ዲኬይ (ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን እየተለወጠ) ወደ ረጋ ኒውክሊየስ ይወርዳሉ። የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር 195 አካባቢ ሲሆን በንጥረ ነገሮች ብዛት ግራፍ ላይ ጉብታ የሚታየው ለዚህ ነው። 195 ላይ 126 ቀንሱ። 69 ይቀራል፣ ቱሊየም ነው። እንግዲህ ቱሊየም-195ን ማጥናት ብንችል በወደድን። ማንም እስካሁን በላቦራቶሪ አልሠራውም።

ከሐይቅ የምትመጣ አንዲት ተማሪ "ጋሼ፣ ታዲያ ቱሊየም ላይ ኒውትሮን መተኮስ ነዋ!" አለችኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ በተፈጥሮ ያለው ቱሊየም 169 ነው። እስከ 195 ድረስ 26 ኒውትሮን ይጎድላል። ሪአክተር ውስጥ ኒውትሮን የሚመጣው ቀስ እያለ ነው። ኒውክሊየሱ ትንሽ እንደጨመረ ቀጣዩን ሳያገኝ ዲኬይ አድርጎ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። በዚህ መንገድ እዚያ አይደረስም።

የሚሞከረው መውረጃ ሌላ ነው። ከሊድ-208 ተነሱ። ኒውትሮኑን 126 ላይ ይዛችሁ ፕሮቶን ብቻ ቀንሱ። ታሊየም-207፣ ሜርኩሪ-206፣ ወርቅ-205፣ ፕላቲነም-204፣ ኢሪዲየም-203፣ ኦስሚየም-202። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር የተለካው መረጃ እየሳሳ ይሄዳል።

ለምን በማስተላለፍ?

ሁለት ኒውክሊየሶችን አዋህዶ ከባድ መሥራት ይቻላል። ግን ከባድ ኒውክሊየስ ለመርጋት ከቀላሎቹ ይበልጥ ብዙ ኒውትሮን ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ቀላሎች ሲደመሩ ውጤቱ ኒውትሮን ያጠረው ይሆናል። ይህ ለእኛ አይሆንም። ሌላው መንገድ መሰባበር ነው። ሊድን ወይም ዩራኒየምን በአንድ ኒውክሊዮን (በአንድ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) 1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በሚደርስ ጉልበት ቤሪሊየም ላይ መልቀቅ። ጀርመን ዳርምሽታት ያለው ጂኤስአይ የተባለው የምርምር ማዕከል በዚህ ብዙ አዲስ ኢሶቶፕ አግኝቷል። ምርቱ ወደፊት ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ለመያዝ እጅግ ያመቻል። ግን ፍርካሹ በጣም ይግላል፣ ኒውትሮኑንም ያተንናል።

ሦስተኛው ማስተላለፍ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ሁለት የተጫኑ ግመሎች በጠባብ መተላለፊያ ተፋትገው ሲያልፉ፣ ከአንዱ ጭነት ላይ የተላላ ጆንያ በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚሄድ ማለት ነው። ሁለቱ ኒውክሊየሶች በዝግታ ይነካካሉ፣ ጥቂት ፕሮቶንና ኒውትሮን ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጂኤስአይ ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩራኒየም ኩሪየም ላይ ተተኩሶ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዛግሬባዬቭና ግራይነር የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት ወደ 126 ኒውትሮን መስመር ለመውረድ ይህ መንገድ እንደሚሻል በስሌት ካሳዩ በኋላ ነው ብዙዎች እንደገና የተነሱበት። ፈረንሳይ ጋኒል በተባለው የአክስለሬተር ማዕከል ውስጥ ዜኖን-136 ፕላቲነም-198 ላይ ተተኩሶ በ2015 የታተመው ውጤት ደግሞ፣ በዚህ መስመር ከፕላቲነም በታች ላሉት ማስተላለፍ ከመሰባበር የተሻለ እንደሚያመርት አመለከተ።

ጥንዱን መምረጥ

ለመለማመጃ ዜኖን-136ን ሊድ-208 ላይ እንተኩስ። ምርጫው በዘፈቀደ አይደለም። ዜኖን-136 ውስጥ 82 ኒውትሮን አለ፣ እሱም የተዘጋ ሼል ነው። ሊድ ደግሞ 126 አለው። አሁን ከሊድ ወደ ዜኖን ፕሮቶን ብቻ እናሻግር። ሁለት ሲሻገር ባሪየም-138 እና ሜርኩሪ-206 ይወጣሉ። አራት ሲሻገር ሴሪየም-140 እና ፕላቲነም-204። ስድስት ሲሻገር ኒዮዲሚየም-142 እና ኦስሚየም-202። በሦስቱም 82ቱና 126ቱ አልተነኩም። በዜኖን በኩል የሚወጡት ባሪየም፣ ሴሪየምና ኒዮዲሚየም ደግሞ በተፈጥሮ ያሉ የረጉ ኢሶቶፖች ናቸው። ቀላሉ ወገን ወደ መርጋት ሲሄድ ጉልበት ይለቃል፣ ያ ጉልበት ከባዱ የሚከፍለውን ዕዳ ያግዛል። እኔ ጥንድ ስመርጥ የመጀመሪያው መመዘኛዬ ይሄ ነው።

የኪው ስሌት

ኪው ማለት ከመነሻው ጥንድ ወደ መድረሻው ስንሄድ የሚተርፈው ወይም የሚጎድለው ጉልበት ነው። የ2020ውን የአቶሚክ ማስ ኢቫሉዌሽን (የአቶሞች ክብደት) ሠንጠረዥ አውርዱ። ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ስልክ ላይም ይከፈታል። ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ የሚያስፈልጓችሁን ገጾች ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙ። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። "ማስ ኤክሰስ" የሚለው ዓምድ (የአቶሙ ክብደት ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ድምር ቁጥሩ ያለው ልዩነት) በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ለሺህ አካፍላችሁ ወደ ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቀይሩት። ከዚህ በኋላ ኤምኢቪ እላለሁ። ቁጥሩ ውስጥ የመሰላል ቅርጽ ያለው የሃሽ ምልክት ካያችሁ ቁም ማለት ነው። ያ ክብደት አልተለካም፣ ከጎረቤቶቹ አዝማሚያ የተገመተ ነው። እኛ የምንፈልጋቸው አካባቢ ሃሹ ይበዛል። የሚለካ ነገር የቀረው እዚያ ስለሆነ ደስ ይበላችሁ።

ለሁለቱ ፕሮቶን እንሥራው። ዜኖን-136 -86.43፣ ሊድ-208 -21.75፣ ድምሩ -108.18። ባሪየም-138 -88.26፣ ሜርኩሪ-206 -20.95፣ ድምሩ -109.21። ከመነሻው የመድረሻውን ስትቀንሱ +1.03 ኤምኢቪ ይመጣል። አዎንታዊ ነው። ሁለት ፕሮቶን ከሊድ ነቅሎ ጉልበት ማትረፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ግን ገና አትደሰቱ። አጥሩን እንይ።

አጥሩና ጉልበቱ

ሁለቱም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። ለመነካካት የኩሎምብን አጥር ማለፍ አለባቸው። የ136 ኪዩብ ሩት 5.143፣ የ208ቱ 5.925 ነው። ደምሩና በ1.2 አባዙ፣ 13.28 ፌምቶሜትር ይሆናል። የኒውክሌር ኃይሉ ከዳር ትንሽ ወጣ ስለሚል 1.5 ጨምሩ፣ 14.78። አሁን 54 ሲባዛ በ82፣ 4428። በ1.44 (የኤሌክትሪክ ግፊቱ ቋሚ ቁጥር ነው) አባዙና ለ14.78 አካፍሉ። 431 ኤምኢቪ። ግምት ነው፣ ግን ለዕቅድ ይበቃል።

ይህ ጉልበት በሁለቱ የክብደት ማዕከል ሲለካ ነው። አክስለሬተሩ የሚሰጠው ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ሊዱ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። 344ን ለ208 አካፍላችሁ በ431 አባዙ። 713 ኤምኢቪ። በአንድ ኒውክሊዮን 5.2 ገደማ ማለት ነው።

አሁን የመውጫውን አጥር ሥሩ። ባሪየም 56፣ ሜርኩሪ 80፣ ብዜታቸው 4480። ከመግቢያው ይበልጣል። በዚያው ርቀት አጥሩ 436 ይሆናል። ስለዚህ ጥንዱ ሲለያይ በእርጋታ ለመውጣት 5 ኤምኢቪ ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል። ኪው የሰጠን 1 ብቻ ነው። አራቱ ከየት ይምጣ? ከግጭቱ ጉልበት። ስለዚህ አጥሩ ጫፍ ላይ መቆም አይበቃም፣ ከፍ ማለት አለብን። ብዙ ሰው ኪውን ብቻ አይቶ ያልፋል። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው ምርቱን አብዝቶ ይገምታል።

ምን ያህል ከፍ እንበል? እዚህ ጋ ስስት አያዋጣም። ከባዱ ኒውክሊየስ ትርፍ ጉልበት ሲይዝ ይግላል፣ ሲግል ኒውትሮን ይተፋል። አንዷን ኒውትሮን ለማላቀቅ 6 ገደማ፣ ይዛው ለምትሄደው 2 ገደማ በሉ። በየ8 ኤምኢቪው አንድ ኒውትሮን እንደሚጠፋ አስቡ። 40 ኤምኢቪ ያቀበላችሁት ኒውክሊየስ አምስቱን አጥቶ ነው የሚደርሳችሁ። ኒውትሮን ፍለጋ ወጥቶ ኒውትሮን መበተን አይሆንም። እኔ ለመነሻ ከአጥሩ አስር በመቶ ከፍ እላለሁ። 474 በማዕከል፣ 784 በአክስለሬተር፣ በኒውክሊዮን 5.8።

ወዴት ይሄዳል?

እንግዲህ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ጠርዝ ለጠርዝ ተፋትገው የሚያልፉበት ማዕዘን ግሬዚንግ አንግል ይባላል። አሠራሩ አጭር ነው። አጥሩን፣ ከጉልበቱ እጥፍ ላይ አጥሩ ሲቀነስ ለሚቀረው አካፍሉ። የጉልበቱ እጥፍ 948፣ አጥሩ ሲቀነስ 517። 431 ለ517 ሲካፈል 0.834። ኢንቨርስ ሳይን 56.5 ዲግሪ። እጥፉ 113። ካልኩሌተራችሁ ዲግሪ ላይ መሆኑን እዩ፤ ራዲያን ላይ ከሆነ አንድ አካባቢ የሆነ ቁጥር ያወጣና ግራ ያጋባል።

113 የዜኖኑ ነው፣ በማዕከል ሲለካ። ሊዱ በላቦራቶሪ ውስጥ የሚፈናጠርበት ማዕዘን ከ180 ላይ 113 ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈል ነው። 33.5 ዲግሪ። ጥቂት ፕሮቶን ቢቀንስም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ይህን ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ሣሉት። ጨረሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የምትፈልጉት ከባድ ምርት በጨረሩ ዙሪያ 33 ዲግሪ ተከፍቶ፣ መሀሉ ባዶ በሆነ ሾጣጣ ላይ ተበትኖ ይወጣል። ጉልበቱ 520 ኤምኢቪ ገደማ ነው። ቻርጁም ፍጥነቱም የተለያየ ነው። ከኢላማው ፊት ለፊት ዜሮ ዲግሪ ላይ የተተከለ ሴፓሬተር (ምርቱን ከጨረሩ የሚለይ መሣሪያ) አብዛኛውን አያየውም። ማምረት ቀላል፣ መያዝ ከባድ ያልኩት በዚህ ነው። ይህ ዘዴ ዓመታት የተጓተተውም በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንዴት ይያዝ?

ጃፓን ዋኮ፣ ሪከን በተባለው የምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ ያለው ኪስ የሚባለው መሣሪያ መፍትሔው ደስ ይላል። መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ቀለበት የመሰለ የጋዝ ክፍል ሠሩ። ጨረሩ በቀዳዳው ያልፋል። ተበትነው የሚወጡት ከባድ ምርቶች ደግሞ ቀለበቱ ውስጥ ባለው አርጎን ጋዝ ውስጥ ገብተው ይቆማሉ። ቆመው ኤሌክትሮን ይሰበስቡና ገለልተኛ አቶም ይሆናሉ። የጋዙ ፍሰት ወደ መውጫው ይወስዳቸዋል። እዚያ ሌዘር ይጠብቃቸዋል። የሌዘሩ ቀለም ለአንድ ንጥረ ነገር ብቻ ስለሚስማማ፣ ኦስሚየምን ብትፈልጉ ኦስሚየሙን ብቻ አዮን ያደርገዋል። ቀጥሎ ማግኔት በክብደት ይለያል። በሌዘር ፕሮቶኑን፣ በማግኔት ድምሩን ያዛችሁ ማለት ነው።

አሜሪካ ያለው አርጎን ላቦራቶሪ (ስሙ ከጋዙ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ነው) ኤን-126 ፋብሪካ ብሎ የሰየመው ተቋም ምርቱን በሂሊየም ጋዝ አቁሞ፣ ገለልተኛ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞገድ እየገፋ ያወጣዋል። ፈጣን ነው፣ ግን ንጥረ ነገሩን በሌዘር አይመርጥም። ከኋላ ጥሩ የክብደት መለያ ይፈልጋል። ለዚያም አዮኑን በሁለት የኤሌክትሪክ መስታወቶች መሀል ደጋግሞ እያመላለሰ የሚወስደውን ጊዜ የሚለካ መሣሪያ አለ። ኪስም ይህን ይጠቀማል።

የጋኒሉ ሙከራ ከባዱን ራሱን አልያዘም። ቀላሉን ጓደኛውን ለይቶ፣ ከባዱ ምን ሊሆን እንደሚችል በሒሳብ አወጣ። እንዲህ ያለ ውጤት ስታነቡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር ከባዱ ኒውትሮን ከማትነኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ልዩነቱ ብዙ ነው።

ስንት ይገኛል?

ክሮስ ሴክሽኑ (ግጭቱ የምንፈልገውን የመስጠት ዕድሉ፣ በስፋት ሲለካ) 1 ማይክሮባርን፣ ማለትም 10 ላይ -30 ካሬ ሴንቲሜትር ነው እንበል። በካሬ ሴንቲሜትር 5 ሚሊግራም የሆነ የሊድ ንጣፍ ውስጥ 1.45 ሲባዛ በ10 ላይ 19 አቶም አለ። በሰከንድ 10 ላይ 11 ዜኖን ስትለቁ፣ በየሰከንዱ 1.45 ኒውክሊየስ ይሠራል። ብዙ ይመስላል። ከመቶ አንዱ ብቻ ቢያዝ በሰዓት 52 ነው። ክሮስ ሴክሽኑ ሺህ ጊዜ ቢያንስ፣ አንድ ለማየት 19 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ጋዙ ውስጥ የሚያልፈውን ጊዜም አትርሱ። ኒውክሊየሱ በዚያ መሀል ዲኬይ ካደረገ አልተያዘም።

ጨረሩን አሥር እጥፍ እንጨምር የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። ጨረሩ ያኔም 12 ዋት ተኩል ይሸከማል፣ በአሥር ሲባዛ 125 ይሆናል። ከዚህ የተወሰነው ጥቂት ሚሊሜትር በሆነች ነጥብ ላይ ይቀራል። ሊድ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስለዚህ ኢላማው በሚሽከረከር ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ሙቀቱ እንዲከፋፈል። ፕላቲነም የሚቀልጠው ከ1,700 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በዚህ ረገድ ይሻላል።

ወረቀቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ኮምፒውተር ያለው ሰው ዱብና የሚገኘው የኒውክሌር ምርምር ተቋም ድረ ገጽ ላይ ግሬዚንግ የሚባለውን ፕሮግራም ማስኬድ ይችላል። ጥቂት ኒውክሊዮን ሲሻገር ጥሩ ነው። ስድስት ፕሮቶን ሲሆን ግን አሳንሶ ይገምታል። ለዚያ ሌሎች ሞዴሎች አሉ።

አሁን ራሳችሁ ሞክሩ። ዜኖን-136 ፕላቲነም-198 ላይ። አጥሩ 414 አካባቢ፣ በአክስለሬተር 698፣ በኒውክሊዮን 5.1 ካላገኛችሁ ኪዩብ ሩቱን እንደገና እዩ። ጋኒል የተጠቀመው 8 ገደማ ነው፣ ከዚህ ብዙ ከፍ ይላል። ቀስ ብሎ የሚወጣ ከባድ አዮን ፕሮቶኑን በዲቴክተር መለየት ስለሚያስቸግር ጓደኛውን ለመለየት ፍጥነት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ዩራኒየም-238 ፕላቲነም-198 ላይ። በዚህ ጥንድ ኪስ ላይ ዩራኒየም-241 ተገኝቶ ክብደቱ ተለካ፣ ውጤቱ በ2023 ታተመ። ሦስት ኒውትሮን ከፕላቲነሙ ወደ ዩራኒየሙ ተሻግሯል፣ ፕላቲነሙ በ195 ቀርቷል። እዚህ የምትፈልጉት ኢላማውን ሳይሆን የተወነጨፈውን ነው፣ ስለዚህ የማዕዘኑን ስሌት በዚያ በኩል ሥሩ። ዩራኒየም ሲግል ኒውትሮን ከመትፋት አልፎ ለሁለት ሊሰነጠቅም ስለሚችል፣ ጉልበቱ ላይ ይበልጥ ቆጥቡ። አጥሩ 649፣ በኒውክሊዮን 6.0 ይመጣል።